የረይሃና ምርቃት

ኡሙሀኒ መጥሪያው ከደረሳት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ምስክር ነሽ ቢሏትም በእሷ ሐሳብ ፍርድ ቤት የገባ ሁሉ ተከሳሽ ነው። ገና ሳይመሽ ሁሉንም ጨርሳ ታየዋለች፤ ሱቁ ሲታሸግ፣ ልጇ በፖሊስ ስትወሰድ፣ ጎረቤት ከንፈሩን ሲመጥ።

«እማ፣ አንዲት ነገር ብቻ ናት የምትናገሪው» አለቻት ልጇ ረይሃና፣ ቀጨኔ አቀበቱ ላይ ካለችው የእህል ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጣ። «የስፌት ቤቱ ካፖ ኪሩ እዚህ መጥቶ ያለሽን። በይ እስቲ።»

«‹ልጅሽን አትጠብቂያት፤ ሥራው ሳያልቅ ማንም እንዳይወጣ ብያለሁ› አለኝ።»

«በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ሌላ ቢጠይቁኝስ?»

«የምታውቂውን ትመልሻለሽ። እማ፣ ፈተና እኮ አይደለም።»

«ፈተናማ ቢሆን ይደገም ነበር፣ ልጄ።»

ረይሃና የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ተቀጥራ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሲል የመውጫ ሰዓት የሚባል ነገር ይቀራል። ክረምቱን ሙሉ በጨለማ፣ በዝናብ፣ ጀርባዋን ይዛ ነው የገባችው። ደሞዟ ላይ ግን ሳንቲም አልተጨመረም። «የትርፍ ሰዓታችንስ?» ብላ ስትጠይቅ የመጨረሻ ወር ደሞዟን እንኳ ሳይሰጡ አሰናበቷት። በነፃ የሚያግዛት ወጣት ጠበቃ ዮፍታሔ፣ ሕጉ ከመደበኛው አስበልጦ እንደሚያስከፍል፣ ጊዜው ሳያልፍም መክሰስ እንዳለባት ነገራት። አንድ ነገር ግን ቸገረው። አሠሪው አዝዞ እንዳሠራት የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። አብረዋት የሚሰፉት ገና እዚያው ናቸው፤ ማን እንጀራውን ይዘጋል? ኪሩ ሲናገር የሰማች ኡሙሀኒ ብቻ ቀረች።

ገንዘቡ ከተገኘ ረይሃና ያገለገለች የስፌት መኪና ገዝታ እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ልትሠራ ነው። ኡሙሀኒም መስኮቱ ሥር የነበረውን የምስር ጆንያ ጎትታ ጥጉን ለቀቀችላት። ጥጉ ተጠርጎ፣ ባዶውን መኪናዋን ይጠብቃል።

ታዲያ በዚያ ክረምት እናትና ልጅ ስለ ማምሸቱ የሚያወሩበት የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ኡሙሀኒ ጣሳውን ሞልታ፣ ከላዩ ጭብጥ ምርቃት ሳትጨምር የሸኘችው ገዢ የለም። ልጇ ዝላ ስትገባ፣ ትስቅላት እንደሆነ ብላ፣ «ዛሬስ ምርቃቱ በዛ?» ትላታለች። ረይሃና ስታማርር ደግሞ ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ፣ «ቻይው፤ ምርቃት የሚጨምር ሰው አይጠላም» ትላት ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ኡሙሀኒ ምላ ቆመች፤ ዮፍታሔ ሲጠይቃት የኪሩን ቃል አንድም ሳታጎድል ተናገረች። ዳኛዋ ጻፉ። ረይሃና ከኋላ በረጅሙ ተነፈሰች። ኡሙሀኒም «አለቀ፣ አልሃምዱሊላህ» ብላ ልትወርድ ስትል የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሥራ ላይ እንዴት ነበረች?»

«ጎበዝ።»

«ጎበዝ ሠራተኛማ ሥራውን በሰዓቱ ይጨርሳል። ምናልባት እጇ አልፈጥን ብሏት፣ የቀኑን ወደ ማታ እያሳደረች ይሆን?»

ይህን ጊዜ ከኡሙሀኒ ላይ ፍርሃቱ ሁሉ ወረደ። ልጇን ሰነፍ ሲላት በሰው ፊት ሰማች።

«ልጄ? የቀኑንማ ከማንም ቀድማ ነው የምትጨርሰው። ወላሂ፣ ሰነፍ አላሳደግኩም። ያመሸችው ምርቃት ነው።»

«ምርቃት?»

«አዎ፣ ምርቃት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ተገድዳ ሳይሆን በገዛ ፈቃዷ?»

«ልጄን ማን ያስገድዳታል? ደግ ስለሆነች ነው።»

ዮፍታሔ ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። «ምርቃት ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ያብራሩልኝ።»

ኡሙሀኒ ሱቋ ያለች መሰላት። እጇን ጭብጥ አድርጋ አሳየቻቸው። «ከተሰፈረ በኋላ ከላይ የሚጨመረው ነዋ። የማይከፈልበት።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው ለራሷ የተሰማት። ዘወር ብላ ረይሃናን አየቻት። ረይሃና መሬት መሬት ታያለች። «ማለቴ...» አለች ኡሙሀኒ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ታክሲ ውስጥ ረይሃና የሁለቱንም ሒሳብ ከፈለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «እስከ ግማሹ ጥሩ ተናግረሽ ነበር» አለች።

«ሰነፍ ሲልሽ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

ውሳኔው ሲነበብ የቀረባት ደሞዝ እንዲከፈላት ተባለ። ማምሸቷ ግን በአሠሪው ትእዛዝ ስለመሆኑ አልተረጋገጠም ተብሎ የትርፍ ሰዓቱ ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ዮፍታሔ «ይግባኝ አለ» አላት። «የእማም ቃል ተጽፎ አብሮ ይሄዳላ» አለችው ረይሃና። ደሞዙ ለዕዳ እንጂ ለመኪና አልበቃም። ከሳምንት በኋላ ረይሃና ሌላ ስፌት ቤት ገባች።

ኡሙሀኒ ስትፈራ የኖረችው ሌላ ነበር፤ ፖሊሱን፣ ዳኛውን፣ የባለሀብቱን ቂም። የገዛ አፏን ፈርታ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቷ አስቻለች ምስር ልትገዛ መጣች። ኡሙሀኒ ጣሳውን ሞላች፣ በመዳፏ እኩል ጠረገችውና ፌስታሉ ውስጥ ገለበጠችው። አስቻለች ፌስታሉን እንደያዘች ጠበቀች።

«ምነው ኡሙሀኒ፣ ዛሬ ምርቃት የለም? አስከፋሁሽ እንዴ?»

ኡሙሀኒ እጇን ወደ ጆንያው ላከች። ጨበጠች። ማውጣት ግን አቃታት፤ እጇ እዚያው ምስሩ ውስጥ ቀረ።

ወደ ሥራ ልትወጣ ነጠላ ጫማዋን የምታጠልቀው ረይሃና ቀና ብላ አየቻት። መጣች፣ በመርፌ በተበሳሳ ጣቷ ጭብጥ ሙሉ ዘግና በአስቻለች ፌስታል ውስጥ ጨመረችላት። «እሷ ምን አደረገች፣ እማ» አለች ቀስ ብላ።

«ዛሬ በጊዜ ትመጫለሽ?» አለቻት ኡሙሀኒ።

«እዚያም ማምሸት አለ፤ ያው ክረምት ነው» አለችና ረይሃና ቁልቁለቱን ወረደች።

ኡሙሀኒ ልጇ ከዓይኗ እስክትጠፋ ቆመች። ከዚያ ጆንያውን አቅፋ እየጎተተች መስኮቱ ሥር፣ ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው።