በነሐሴ የተደገሰ የምስጋና ቀን

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ኮሊን የአባቴን እግር ገልጣ አየች፣ ጣቶቹን ዳሰሰች፣ ብርድ ልብሱን መልሳ ሸፈነችውና በዓይኗ ወደ ማድቤት ጠራችኝ።

«ማርሊስ፣ ላታልልሽ አልፈልግም» አለችኝ በሩን ገርበብ አድርጋ። «ሳምንት ቢቆይ ነው። ምናልባት ዐሥር ቀን። ወንድምሽን የምትጠሪው ከሆነ አሁን ጥሪው።»

«ለኅዳር አይደርስም?»

ኮሊን እዚሁ አዮዋ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ኅዳር ስል ያኔ የሚከበረውን፣ ቤተሰብ ለማዕድ የሚሰበሰብበትን የምስጋና ቀን ማለቴ እንደሆነ ገባት። «አይደርስም የኔ እናት» አለችኝና እጄን ያዘችው።

አባቴ ኦርቪል ከገናም ከፋሲካም ከገዛ ልደቱም የምስጋና ቀን ይበልጥበታል። ሰማንያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ወታደር ከነበረበት ሁለት ዓመት በቀር፣ የምስጋናዋን ተርኪ፣ ያቺን ከዶሮ እጅግ የምትገዝፍ ወፍ፣ የበላው እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚቆርጣት እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢላዋውን ቢነካ ወየውለት! ከበላ በኋላ ደግሞ ያን ቀን የሚመጣውን ወፍራም ጋዜጣ ዘርግቶ፣ በማግስቱ ቅናሽ የሚደረግበትን ዕቃ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ያከብባል። ቴሌቪዥን፣ መጋዝ፣ የበረዶ መጥረጊያ። አንዱንም ገዝቶ አያውቅም። «ስንት ሊበሉኝ አስበው እንደነበር ማወቁ ይበቃኛል» ይላል።

በቤታችን ደንብ ተርኪዋ ከመቆረጧ በፊት ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሁሉ ፈጣሪን የሚያመሰግንበትን ነገር በየተራ ይናገራል። የዛሬ ስድስት ዓመት ተራው የታናሽ ወንድሜ የዱዌን ሲደርስ «ከዚህ እርሻ ስላወጣኝ አመሰግናለሁ» አለ። ቀልዱን ነበር። ቢያንስ ግማሹ ቀልድ ነበር። አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠና «ታዲያ ምን ልታደርግ ተመለስክ?» አለው። ዱዌን ኮቱን አንስቶ ወጣ፣ ወደ ምዕራብ ርቆ አይዳሆ የምትባል ግዛት ገባ፣ በዚያው ቀረ። ሁለቱም ግትር፣ ሁለቱም ኩሩ። እኔ መሐል ሆኜ በስልክ ሰላምታ ሳመላልስ ስድስት ዓመት እንደ ዋዛ አለፈ።

ኮሊን እንደሄደች አባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ የዘንድሮውን የምስጋና ቀን አሁን ልናደርገው ነው» አልኩት።

«ነሐሴ ነው» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አውቃለሁ።»

«ሰውነቴ ነው እንጂ ጭንቅላቴ ደህና ነው። ነሐሴ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ! ዱዌንን ልጠራው ነው።»

እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ልነሳ ስል «ተርኪዋን እሱ ይቁረጣት» አለ።

«ምን አልክ?»

«እጄ ይንቀጠቀጣል። ዱዌን ይቁረጣት። ስትደውዪ እንደዚያ ብሏል በዪው።»

ማድቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ለአባቴ ይህ ይቅርታ ነው። ከዚህ የበለጠ ከአፉ አይወጣም። ከመሞቱ በፊት ልጁ ተርኪዋን ሲቆርጥ ይይ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ማክሰኞ ገበያ ወጣሁ። በነሐሴ የምስጋና ቀን አስቤዛ ለመግዛት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩ። ሕዝቡ በቁምጣ ሐብሐብ ይገፋል፣ ሥጋ ሊጠብስ ከሰል ይጭናል፣ እኔ ከተርኪ ጋር የሚበላውን ክራንቤሪ የሚባል ቀይ ፍሬ ፍለጋ ሦስት ሱቅ አዳረስኩ። ያልታሸገው እስከ መስከረም መጨረሻ የለም። የጣሳውን ከመደርደሪያ ሥር አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ፓይ ለሚባለው ጣፋጭ ኬክ የሚሆነውም የዱባ ጣሳ እንደዚያው። ፎሶሊያ፣ ስኳር ድንች፣ የተርኪዋ ሆድ ውስጥ የሚሞላ ደረቅ ዳቦ ገዛሁ። አንዲት ሴትዮ ጋሪዬን አይታ «ውይ፣ አንቺስ ለነገሩ ቀድመሻል!» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቅሁላት። ምን ልበላት?

ሥጋ ክፍል የምትሠራው ቤቭ አንደኛ ክፍል አብራኝ የተማረች ናት። ነገሩን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወደ ጓዳ ገብታ ሁለት ተርኪ ይዛ ወጣች። አንዷ ዐሥር ፓውንድ የማትሞላ፣ ሰው አዝዟት የቀረች፣ ቀልጣ ያለቀላት። ሌላዋ ሃያ ሁለት ፓውንድ፣ ዐሥር ኪሎ ያህል፣ ከፍሪዘር የወጣች፣ ብትወድቅ እግር የምትሰብር በረዶ።

«ትንሿን ውሰጂ» አለችኝ። «ዛሬውኑ ኦቭን ትገባለች። ለሦስት ሰው ከበቂ በላይ ናት።»

«ቤቭ፣ ይቺ እርግብ ናት!» አልኳት። «እኛ ቤት ከሃያ ፓውንድ በታች ገብቶ አያውቅም።»

«ማን ሊበላው ነው ይሄን ሁሉ?»

«አባዬ ያየዋል» አልኩ። እውነቴን ነበር። በቀን ሁለት ማንኪያ እርጎ የሚውጥ ሰው ምን ይበላል? ግን እንደ ድሮው ጠረጴዛውን የምትሞላ ተርኪ እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ትልቋን ተሸክሜ ወጣሁ።

እዚህ ላይ የእናቴን ሕግ ልንገራችሁ። ተርኪ የሚቀልጠው ፍሪጅ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ለአራት ፓውንድ አንድ ቀን። ልጆች ሳለን አክስቴ ቸኩላ በውሃ አቅልጣ ያመጣቻት ተርኪ አጎቴን ሦስት ቀን ሆዱን አስይዛ አስተኝታዋለች። ጥፋቱ የውሃው ይሁን የሌላ ማንም አላጣራም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ተርኪ በውሃ አይቀልጥም ብላ ፈረደች፤ እኔም ሕጉን ወረስኩ። ሃያ ሁለት ፓውንድ ማለት አምስት ቀን ተኩል ነው። ቆጠርኩት፤ እሑድ ሆነ።

ማታውን ለዱዌን ደወልኩለት።

«እትዬ፣ ሞተ እንዴ?» አለኝ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«አልሞተም፣ አፍህን!» አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። የቢላዋው ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«እውነት እሱ ነው ያለው? አንቺ ፈጥረሽ እንዳይሆን።»

«በራሱ አፍ።»

አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። «አለቃዬ አራት ቀን ብቻ ነው የሚፈቅድልኝ፤ መንገዱ ብቻ ሃያ ሰዓት ነው። ስለዚህ መምጣት የምችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነገ ልነሳና ሐሙስ ልድረስ?»

«ሐሙስ ተርኪዋ አትቀልጥም።»

«በቀዝቃዛ ውሃ ድፈቂያታ! ባንድ ቀን ትቀልጣለች።»

«በዚህ ቤት ተርኪ በውሃ አይቀልጥም።»

«እማዬ ከሞተች ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ማን ሊቆጣሽ ነው?»

«እሑድ ና አልኩህ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» ብሎ ሳቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ የወንድሜን ሳቅ ስሰማ እኔም ሳቅሁ። «እሺ። አጠገቡ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እሑድ ይሁን።»

ረቡዕ ፓዩን ጋገርኩ። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ፤ ውጪው ሙቀት የበቆሎውን ቅጠል ይጠቀልላል። አባቴ ሽታው ሲደርሰው ጋዜጣውን ጠየቀኝ። ካለፈው ዓመት የቀረ ከጋራዥ ፈልጌ አመጣሁለትና እስክሪብቶውን ጣቱ መሐል አስገባሁለት።

«የአምናው ነው እኮ አባዬ፣ ቅናሹ አልፏል።»

«ያለፈውስ ቢሆን ሌቦች አይደሉም እንዴ?» አለና አንድ የበረዶ መጥረጊያ አከበበ። ክቡ ተጣመመ። ደስ ብሎት ግን ነበር፤ ይህን እምላለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በድንገት ዓይኑን ገለጠ። «የዱዌን መኪና ነው» አለኝ።

«አይደለም አባዬ፣ የጎረቤት ትራክተር ነው። ዱዌን እሑድ ነው የሚመጣው።»

«ዛሬ ምንድነው?»

«ሐሙስ።»

አንድ በአንድ ጣቱን አጠፈ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። «ራቀ» አለ። «ለምን ዛሬ አይመጣም?»

ምን ልበለው? «ተርኪዋ አልቀለጠችም» አልኩት።

አባቴ «ቁርጥ እናትሽን» አለና ፈገግ አለ። እኔ ጅሏ ምርቃት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ማድቤት ገብቼ ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ደረቷን በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ድንጋይ። ስልኩ እዚያው አጠገቤ ግድግዳው ላይ ነው። እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። ልክ አይደለም ትኩሳቱ፣ ልክ አይደለም ትንፋሹ፣ ይህን ልቤ አውቆታል። ግን ዱዌን ዓርብ መጥቶ ምን ሊቆርጥ? ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ? ሁለት ቀን ምን አላት አልኩና ስልኩን መልሼ ሰቀልኩት።

አባቴ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አረፈ። እጁን ይዤው ነበር። አልተሠቃየም፤ አንድ ትንፋሽ ወጣ፣ ሌላው ሳይከተለው ቀረ። ኮሊን መጥታ ዓይኑን ከደነችው፣ የቀብር ቤት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ሲሄዱ ከልማድ የተነሳ ፍሪጁን ከፈትኩ። ተርኪዋ ቀልጣለች። ሥጋዋ ጣት ያስገባል፤ እናቴ ካለችው አንድ ቀን ቀድማ። የፍሪጁን በር በርግጫ ዘጋሁትና ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ።

እኩለ ቀን ላይ ዱዌን ከመንገድ ላይ ደወለ። ሌሊቱ ሳይነጋ ነበር የተነሳው።

«ነዳጅ እየቀዳሁ ነው። ቀለጠች?»

«ቀልጣለች» አልኩት።

«አባዬስ?»

ብቻውን ነው፤ ገና ዐሥራ አራት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። እንዲህ ያለ ነገር መሪ ለጨበጠ ሰው አይነገርም። «ተኝቷል» አልኩት።

«ይተኛ፣ ይተኛ። እንዳትቀሰቅሺው።»

እሑድ ጠዋት ተርኪዋን ኦቭን አስገባኋት። ለምን ብትሉኝ፣ ከቀለጠች በኋላ ብዙ አትቆይም፤ መጣል ደግሞ ከበደኝ። እጄ ሥራ ካልያዘ ላብድ ነበር። ሆዷን ሞላሁ፣ ቅቤ ቀባኋት፣ በየግማሽ ሰዓቱ መረቋን አፈሰስኩባት። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ሌሊቱን መንገድ ዳር ጥቂት ሸለብ አድርጎ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ መኪናው ግቢ ሲገባ በመስኮት አየሁት። ወንድሜ ሸብቷል። ከኋላ የድንች ጆንያ አውርዶ ትከሻው ላይ ጣለ፤ የድንች አገር ከሆነችው ከአይዳሆ የመጣ ሰው ሌላ ምን ይዞ ይመጣል? በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባና ቆም ብሎ አየሩን ሳበ።

«ኧረ ሽታው! እትዬ፣ ሽታው እኮ መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ!» ፊቱ በራ። «መንገዱን ሁሉ ልቤ ተሰቅሎ ነው የመጣሁት። እንኳን ደረስኩ!»

ምን እንዳደረግሁ ያኔ ገባኝ። ተርኪ የሚጠበስበት ቤት ሰው ሞቶበታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«አባዬ!» ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ተጣራ። «ቢላዋው ተስሏል ወይስ እኔ ልሳለው?»

«ዱዌን» አልኩት። «ቁጭ በል እስቲ።»

አልተቀመጠም። ፊቴን አየ። ጆንያው ከትከሻው ተንሸራቶ ወረደ፣ ድንቹ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ስደውልልሽ...»

«አርፎ ነበር።»

ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። አንሶላው የተገፈፈ አልጋ ነው ያለው። ብዙ ቆይቶ ተመለሰና ተንበርክኮ ድንቹን ይለቅም ጀመር። እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁ። እንባዬ እጄ ላይ ይወርዳል።

«ጠይቆኝ ነበር?» አለኝ ቀና ሳይል።

መዋሸት እችል ነበር። አልጠየቀህም፣ እንቅልፍ ላይ ነበር ብለው ለሁለታችንም ይቀለን ነበር። ግን ከዚህ በላይ ስንት ልዋሸው?

«ሐሙስ ዕለት» አልኩት። «ለምን ዛሬ አይመጣም አለኝ። ቀኑን በጣቱ ቆጥሮ ራቀ አለ። ስልኩን ይዤው ነበር፤ አልደወልኩልህም። ተርኪዋ አልቀለጠችም ነበር።»

እጁ አንድ ድንች ላይ ቆመ።

«ሐሙስ ቤቴ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ሣር ሳጭድ ዋልኩ። ብትደውዪ ዓርብ እዚህ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ድንቹን ቢወረውርብኝ፣ ሳህኑን ቢሰብር ደስ ይለኝ ነበር። ሞትን እኔ አላመጣሁም፤ ቀኑን የመረጥኩለት ግን እኔ ነኝ፣ ይህን ከእኔ የሚያነሳልኝ የለም። ዱዌን አልተሳደበም። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሃያ ሰዓት የነዳ ሰው ዓይኑ ደም መስሏል።

«እሑድ ና ብለሽኝ ነበር» አለ።

«አዎ። እሑድ ና ብዬህ ነበር።»

«ይኸው መጣሁ» አለኝ።