የቀንድ እጀታ

በከተማችን ሲቀላ ሰፈር ከአበጋዝ የተሻለ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ራሱ አበጋዝ ይነግራችሁ ነበር። ማሽን የለውም። ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ብረት መንከሻ ሞርሳ፣ ሦስት ሞረድና አንድ መጋዝ፣ በቃ። አባቱ ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ ባለው ዶርዜ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩና ሙያ በደም ይወረሳል ባይ ነው። እጁስ በእርግጥ የተባረከ ነበር። ክፋቱ፣ እጁ የማያውቀው ነገር በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አለማመኑ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካሱ የሚባል የእርዳታ ድርጅት ሾፌር መጣ። የሚነዳት ፒካፕ ከውጭ ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው። የቁልፏ ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ግን ተሰንጥቆ ብረቱ ይነቃነቃል።

"ጋሽ አበጋዝ፣ ኪሴ ውስጥ ሳይበተን አንድ ነገር አድርግልኝ። መጠባበቂያው ያለው አዲስ አበባ ነው" አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን በማስቲሽ ለጥፎ ይሸኘው ነበር። አበጋዝ ግን ፕላስቲክ ይንቃል። ከበሬ ቀንድ እጀታ ቀርጾ፣ በመዳብ ሚስማር አጣብቆ፣ በቅባት ወለወለው። አሮጌውን እጀታ ሲሰብረው ከውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ መስታወት የመሰለች ነገር ሞርሳው ላይ ወድቃ ነበር። ቆሻሻ መሰለችው። እፍ አላት።

ረቡዕ ጠዋት ካሱ ቁልፉን ሊወስድ መጥቶ እያገላበጠ ሲያደንቅ፣ የአበጋዝ ልጅ ባል የሆነው የዳልጮ ወንድም፣ ዲሪባ፣ ከዶርዜ በእግሩ እየሮጠ ደረሰ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

"ሻሺቱ ምጥ ላይ ናት። ሁለት ቀን ሆነ። ልጅ አልወጣም፤ ደም ብቻ ነው የሚወጣው። መኪና ይዘህ ና አሉኝ። በቃሬዛ አውርደው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ።"

የዳልጮ ሚስት ሻሺቱ የአበጋዝ አንድያ ልጁ ናት። አምቡላንስ ቢሉ ከከተማ ወጥቷል። ካሱ እግዜር ይስጠውና "አለቆቼ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም እሄዳለሁ፤ ኑ!" አለ፤ ሦስቱም ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሮጡ።

ቁልፉ ገባ። ዞረ። ሞተሩ ተነሳ፤ አበጋዝ "ተመስገን" ብሎ ሳይጨርስ ጠፋ። ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ጠፋ። ከመሪው አጠገብ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። መካኒክ ተጠርቶ ነዳጅ ነው አለና ፊልትሮውን ፈታ። ቀጥሎ ባትሪ ነው አለ። ዐሥር ሰው ግቢውን ሙሉ ገፋት። የጽዳት ሠራተኛዋ ዓለምጸሐይ ሳትቀር ጠበል አምጥታ ኮፈኑ ላይ ረጨች፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሌላ መኪናም ተፈልጎ አልተገኘም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲሉ አለፈ። አበጋዝ በየደቂቃው ወደ ተራራው ያያል።

በመጨረሻ ሶፎንያስ የሚባል ሥራ ፈላጊ ምሩቅ፣ ማመልከቻውን እንደያዘ ጠጋ አለ።

"ይሄ እጀታ ከመጀመሪያውም ቀንድ ነበር?"

"ትናንት ነው የተለወጠው" አለ ካሱ።

"በድሮው ውስጥ ትንሽዬ ነገር አልነበረችም? እነዚህ አዳዲስ መኪኖች ቁልፋቸውን የሚለዩት በእሷ ነው። ካጧት ሌባ መጣ ብለው ሞተሩን ያጠፉታል።"

አበጋዝ 'ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች' ሊለው አፉን ከፈተ። ምጥ የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀረች። ያቺ ሩዝ የምታህል ነገር ትዝ አለችው።

"እኔ ነኝ" አለ። "እኔው ነኝ የጣልኳት፣ በገዛ እጄ።"

ካሱ አዲስ አበባ ስልክ ደወለ፤ መጠባበቂያው የሚደርሰው በነገው አውቶቡስ ነው ተባለ። አበጋዝ ይህን አልሰማም፤ ወደ ሱቁ ሮጦ ሞርሳው ሥር ተንበርክኳል። የብረት ብናኙን በመዳፉ እየዘገነ አበጠረ። ማታ ጠርጎ የደፋበትን የደጅ ቦይ በጣቱ ጫረ፤ ሌሊት የጣለው ዝናብ ሁሉን ጠራርጎ ጭቃ ብቻ ትቶለታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እሱ ሳይቸኩል፣ ተረጋግቶ፣ እየተኩራራ ነበር ያፈሰሰው። ጣቶቹ ደሙ። በስተርጅና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ጋሼ፣ ተወው። በእግራችን እንሂድ" አለ ዲሪባ።

ዳገቱ ሥር ድንጋይ የሚጭን አንድ መኪና እስከዚያ ወሰዳቸው። ከዚያ በእግር ነው። አበጋዝ ልቡ ሊፈነዳ እየደረሰ ወጣ። "እጄን ውሰድ፤ ሁለቱንም ውሰድ፤ እሷን ብቻ ተውልኝ" እያለ ፈጣሪውን ተደራደረ። ከእንግዲህ ሞረድ ላለመንካት ማለ። ፀሐይዋ ከአናት አልፋ ነበር።

አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው ሰዎች አዩ። ቃሬዛ ተሸክመዋል። አበጋዝ "ደረስንላት!" ብሎ ሊጮህ ሲል ነገሩ ገባው። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ቃሬዛው ወደ ከተማው ሆስፒታል አይደለም የሚወርደው፤ ወደ ቤት ይመለሳል። የሚሸከሙትም አይቸኩሉም።

ዳልጮ ኮቴያቸውን ሰምቶ ዞረ። ዓይኑ ደርቋል።

"መኪና ይመጣል ብለን ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ጠበቅን፣ አባ" አለ። "ባንጠብቅ ኖሮ በትከሻችን እናደርሳት ነበር። ምን ነካው መኪናው?"

ዲሪባ ከአበጋዝ ቀድሞ፣ መሬት መሬት እያየ "ተበላሸ" አለ።

ዳልጮ አማቱን ትክ ብሎ አየው። ልብሱ ጭቃ፣ ጣቶቹ ደም ናቸው። ለልጁ ሲል እንዲህ የሆነ አባት መሰለው። የቃሬዛውን እንጨት ከትከሻው አውርዶ የራሱን ቦታ ለአበጋዝ ለቀቀለት።