የበረኪና ሽታ

ካሳነሽ ጠዋት ጠዋት የፔንሲዮኑን ደረጃ ወጥታ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ማጽዳት አልነበረም፤ ማታለል ነበር። አንድ የጠርሙስ ክዳን ሙሉ በረኪና መግቢያው ላይ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። የቤቱ ባለቤት ሽባባው ሦስት ሰዓት ላይ ሲገባ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ «ጎሽ! ዛሬም ታጥቧል» ይልና ወደ ቢሮው ያልፋል። እሷ ከዚያ በኋላ ነው ዕቃ ቤት ገብታ፣ ከባዶ ጆንያ ሥር የሸሸገችውን ባልዲ የምታወጣው።

ወዳ የገባችበት ነገር አልነበረም። በኅዳር ወር የሰባት ቁጥርን መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ እድፉ አልለቅ ቢላት በረኪናውንና የሽንት ቤቱን አሲድ ደባልቃ አፈሰሰችው። በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር፤ በእንጅባራ ብርድ ማን መስኮት ይከፍታል? ጉሮሮዋን እሳት ሲልሳት ብቻ ትዝ ይላታል። አንሶላ የምታጥበው ማናለብሽ የባልዲውን መውደቅ ሰምታ ደረሰች፤ ብብቷን ይዛ ጎትታ አወጣቻት።

ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ተቆጣች። «ሁለቱ ሲቀላቀሉ እኮ የሚወጣው መርዝ ነው! ሳንባሽ ተጎድቷል። ከእንግዲህ በረኪናው ብቻውን ቢሆንም፣ በተዘጋ ቤት እንዳትጠጊው።»

ይህንኑ ለሽባባው ነገረችው። «እና አሥራ አራት ክፍል በምራቅ ልታጸጂ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ ሰው ሞልቷል» አላት።

ካሳነሽ አርባ ዓመት አልፏታል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ዓመት ቤቷን ያስተዳደረችው በዚህ ሥራ ነው።  በእሑዱ አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ ወዳለችው እህቷ ሄዳ፣ ከአጥሩ እንዶድ ለቅማ ተመለሰች። ፍሬውን አድርቃ ወቀጠችው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ስትመታው አረፋው ከባልዲው አፍ ገንፍሎ ይወርዳል። በተነፋ አመድ ላይ የፈላ ውሃ ታፈስና ሲጠልል፣ ከላይ ባለው ንጹሕ ውሃ ቅባት የያዘውን ወለል ታጥባለች። ቧንቧውንና መስተዋቱን ከጫግኒ በሚመጣ ሎሚ ታብሳለች። እናቷ ነጠላ ሲያነጡ፣ ድስት ሲፈትጉ እያየች ያደገችበት ነገር ነው። ልዩነቱ ድካሙ ነው፤ በረኪና አፍስሰውት ይሄዳሉ፣ እንዶድ ግን ክንድ ይፈልጋል።

ከድካሙ ይልቅ የሚበላት መደበቁ ነበር። ኮቴ በሰማች ቁጥር ባልዲውን በጨርቅ ትሸፍናለች። እጣቢውን እንደ ሌላው ሰው ቦይ ውስጥ አትደፋም፤ እንዶድ ለከብት መርዝ ነው፣ ከቦዩ ደግሞ የጋሪ ፈረስ ይጠጣል። ስለዚህ ጓሮ ያለው የቆሻሻ ጉድጓድ ድረስ ትሸከመዋለች፤ ስትመለስ «ማን አየኝ?» እያለች ዙሪያዋን ትቃኛለች።

«እትዬ ካሴ፣ ሰረቅሽ እንዴ? ማጽዳት እኮ ነው» ትላታለች ማናለብሽ።

«ውሸት ነው። ውሸት ከሌብነት በምን ይሻላል?»

ሳሏ ቀነሰ፤ ጭንቀቷ ግን ባሰ።

ጥር ሃያ ሁለት ደረሰ። በማግስቱ የፈረሰኞቹ በዓል ስለሆነ ከተማው በሰው ተጨናንቋል፤ በየመንገዱ ያጌጡ ፈረሶች ያሽካካሉ። ከባሕር ዳር በመኪና የመጣ እንግዳ አሥራ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ገብቶ ወዲያው ወጣ።

«ይሄ ክፍል አልጸዳም!» አለ።

ሽባባው ደንግጦ «ምን አገኙ ጌታዬ?» አለው።

«ምንም አላገኘሁም። ግን በረኪና በረኪና አይልም። ካልሸተተ በምን አውቃለሁ?»

ሽባባው ካሳነሽን ጠራትና «አሁኑኑ በረኪና ይዘሽ ነይ! እዚሁ ፊቴ ታጥቢዋለሽ» አላት።

 ካሳነሽ የሦስት ወር ምስጢሯን አወጣችው።

«ጋሽ ሽባባው፣ አላጥብም። ከኅዳር ጀምሮ መግቢያው ላይ ከምረጨው በቀር በረኪና ነክቼ አላውቅም። ሁሉንም ክፍል የማጥበው በእንዶድና በአመድ ውሃ ነው። የገዙት በረኪና ሁሉ ዕቃ ቤት ተደርድሮ ይገኛል።»

የሽባባው ፊት ጠቆረ። ወደ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ላይ የተጣጠፈውን ነጭ ፎጣ አንሥቶ በውሃ አራሰው። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ሥር፣ የበሩን ጀርባ፣ የመታጠቢያውን ጥግ እልህ በያዘው እጅ ፈተገ።  ፎጣውን ወደ መብራቱ አነሣው፤ ነጭ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፤ ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ቅሬታ ነበረው።

«ነግሬዎት ነበር። በምራቅ ነው ወይ አሉኝ።»

እንግዳው ሰዓቱን አየ። ሽባባው ሄዶ በረኪናውን ራሱ አመጣና ክዳኑን ከፈተ። ካሳነሽ «በሩን አይዝጉት!» ብላ ጮኸች፤ እሱ ግን እልህ ይዞት ገብቶ ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ሳሉን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

እንግዳው ወደ ውስጥ ገብቶ አሸተተ። «ይኸው! አሁን ገና ጸዳ» ብሎ ሻንጣውን አስገባ።

ካሳነሽ ትስቅ ወይ ታልቅስ ጠፋት። ለሽባባው ውሃ አቀበለችው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የምትሆኚው?» አላት ሲረጋጋ።

«እየለመዱት ይሄዳሉ። መልመዱ ነው ክፉው።»

«በረኪናውን ግን ጨርሼ አልጥልም።»

«አይጣሉት። በሽተኛ የተኛበት፣ ሰው ያስመለሰበት ቀን ያስፈልጋል። ብቻውን፣ በውሃ ቀጥኖ፣ በር መስኮት ተከፍቶ ይሁን ነው የምለው። ሌላውን ቀን በእኔው መንገድ ልሥራ።»

«እንግዳ ቢያማርርስ?»

«እርስዎ ያስረዱዋ። አፍ ያለዎት እርስዎ ነዎት።»

 ሽባባው «በዓሉ ይለፍና እናያለን» ብሎ ተነሣ። አላባረራትም፤ እሺም አላላትም። ካሳነሽ ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ በየቀኑ አሥራ አራቱንም ክፍል በእንዶድ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠበች። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ሰው «ሽታ የለውም» ብሎ አማረረ። አንድ አስም ያለባቸው አዛውንት ደግሞ «ሌላ ቤት ስናነቅ ነው የማድረው፤ እዚህ ተኛሁ» ብለው ተጨማሪ ሦስት ቀን አደሩ። ሽባባው ሁለቱንም ወገን ሰማ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ «ከእህትሽ አጥር የእንዶድ ችግኝ አይገኝም?» ብሎ ጠየቃት። ሁለት አመጣች። ከብት እንዳይደርስበት ብላ በጓሮው የግንብ አጥር ውስጥ ከማናለብሽ ጋር ተከለችው። ያን ቀን ጸድቆ እንደሆነ ልታይ ሦስት ጊዜ ወጣች፤ በአንድ ቀን እንደማይጸድቅ እያወቀች።