ቀማሽ ይፈለጋል

እና አሁንም የመጣ የለም፣ ሩዙ ደርሷል፣ የምስሩ ሾርባ ተንተክትኮ ተንተክትኮ ክዳኑን ያስጨፍራል፣ ልጆቹ ሽርጥ ታጥቀው ጭልፋ ይዘው ተደርድረዋል፣ በሩ ግን ጭር፣ ያ በር፣ እሱ ላይ ያለው ማስታወቂያ። የእጅ ጽሑፌ። «የምግብ እጥረት ላለባቸው ተማሪዎች በነጻ የተዘጋጀ ምሳ»፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ፣ ወይ እኔ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ተቀምጬ የለመድኩት ይኼን ነው፣ ማስመር።

ዳይሬክተሩ ጠዋት ምን አለኝ፣ ዛሬ ሰው ካልመጣ ይኼን ወጥ ቤት ለዕቃ ማከማቻ እሰጠዋለሁ፣ የሚራብ ተማሪ የለንም ማለት ነው አለኝ፣ እኔም ዝም። ዝም አልኩ እኮ። ከመስኮቴ ፊት ያለውን ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ዝም ይላል? በምሳ ሰዓት እየመጣ፣ ውሃ ጠጥቶ አፉን እንደ በላ ሰው ጠርጎ የሚሄደውን ያን ረጅም ልጅ እያየ?

ያውና! ራሱ ነው፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ አነበበ፣ የተሰመረበትንም አነበበ፣ ስልኩን እንደተደወለለት ሰው ጆሮው ላይ ለጥፎ ዞረ፣ አልጮኸም ስልኩ፣ እግዜር ያውቃል አልጮኸም፣ እኔ ነኝ ያባረርኩት፣ እጥረት ያለበት ብዬ ግንባሩ ላይ ልለጥፍበት፣ በዚያ ስም ሲጠሩት አቤት የሚል ማን አለ፣ እኔስ እል ነበር?

እትዬ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ነገር የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል። ሚኒስትሯ ናት፣ ከባለ ሽርጦቹ ተማሪዎች አንዷ፣ ሁሉን በትእዛዝ ስለምታስኬድ ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው፣ ምሳውን ያሰበችውም፣ ካሮቱን ከነጋዴዎች ለምና ያመጣችውም እሷ። ቅደጂው አልኳት። እውነት? ቅደጂው ልጄ፣ ከነመስመሩ። ቦጨቀችው፣ እሰይ፣ በሌላ ወረቀት በትልቁ ትጽፋለች፣ «ቀማሽ ይፈለጋል። ጨው መብዛቱን ማነሱን የማታውቁ አትድረሱ።» ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አንቺ? ዝም ብለው ይዩ እትዬ፣ አስተያየት ስጥ ተብሎ ያፈረ ተማሪ አይተው ያውቃሉ?

አላየሁም፣ እሱስ እውነቷን ነው።

አንድ መጣ። ሁለት። ከዚያማ ግር አለ፣ ቦርሳው፣ ጫጫታው፣ ቁንዶ በርበሬ ረስታችኋል፣ የምን ቁንዶ በርበሬ፣ ካሮቱ ነው የበዛው፣ አንተ ምላስህን አስመርምር፣ እና ረጅሙ ልጅ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ በጭልፋው ጫፍ ቀምሶ ኮስተር ብሎ፣ ጨው ያንሰዋል። በአንድ ፉት አወቅክ? አለችው ሚኒስትሯ፣ ሙሉ ሳህን ብላና በማስረጃ ተናገር። በላ፣ ጥግ ይዞ ጎንበስ ብሎ በላ፣ ቀና ሲል ግንባሩ አልቦት ያበራል፣ ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ድገሚኝ። ሳቅኩ፣ አፌን በሽርጤ ሸፍኜ፣ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ፣ የሾርባው እንፋሎት ነው በይ፣ እንፋሎት ነው።

ዳይሬክተሩ። መጣ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ የኔ እህት፣ የተቸገሩት የትኞቹ ናቸው? ዞሬ አየሁ፣ ባለ ጥሩ ጫማው፣ ባለ ነጠላ ጫማዋ፣ ሁሉም ያኝካል፣ ሁሉም ይተቻል፣ የራበው ካልራበው ተቀላቅሎ ጠፋብኝ፣ ደስ ሲል ሰው እንዲህ ሲጠፋ። አላውቅም ጌታዬ፣ እዚህ ያለው ቀማሽ ብቻ ነው፣ ነገም ይመጣሉ፣ ወጥ ቤቱን ለማንም አይሰጡትም። እኔ ነኝ ያልኩት? እኔ ነኝ፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እሱም አፉን ከፈተ፣ ሊቆጣ፣ ሚኒስትሯ ሾርባ የሞላ ማንኪያ ከተተችበት።

አላመጠ። ሽንኩርቱ ትንሽ ቢበስል፣ አለ።

እንዴት! ረጅሙ ልጅ ነው፣ ሳህኑን ታቅፎ፣ እኔ ሁለት ሳህን መርምሬ ምንም አላገኘሁበትም፣ እርስዎ በአንድ ማንኪያ ሊፈርዱ ነው? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ ዳይሬክተሩም የዋዛ አይደለም፣ የኮቱን እጅጌ ሰበሰበ፣ ሳህን ስጡኝ እንግዲህ፣ እኔም ላጣራ፣ ሚኒስትሯ ድስቱን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች፣ ጭልፋው ኳ፣ ኳ፣ አለቀ፣ አልቋል ጌታዬ፣ ነገ ቀደም ብለው ይሰለፉ።