ሃፊዛ የጠየቀችው ሰፊ መስኮት

ሃፊዛ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለ የሳሙናና የዘይት ማከፋፈያ የደንበኞችን ትእዛዝ በኮምፒውተር ቻት ትቀበላለች። ቻቱን የሠራው ቤቴል ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። የስክሪኑን ግማሽ የደንበኞች ስም ዝርዝር ይዞታል፤ ሩቡን የድርጅቱ አርማ። መልእክት የሚነበበው በቀረችው ጠባብ ክፍል ነው፤ ረዘም ካለ መጨረሻው ይቆረጣል።

አማርኛ ደግሞ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው።

አንድ ማክሰኞ ሳንሱሲ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ የኔነሽ «ያዘዝኩትን ሃያ ካርቶን ሳሙና ዛሬ እንዳትልኩብኝ» ብለው ጻፉ። ሃፊዛ ያየችው እስከ «ዛሬ» ድረስ ነው። ላከች። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሱቄን ቀለም እያስቀባሁ ነው! ሳሙናው ደጅ ተከምሮ ዝናቡ መጣ!»

«እማማ፣ እንዳትልኩ ማለትዎን አላየሁም።»

«ታዲያ ምን አየሽ?»

«ሳሙና።»

ሃፊዛ ያኔውኑ «አስተያየት ይስጡን» የሚለውን ተጭና፣ ተጠቃሚው የስክሪኑን ክፍሎች እንደ ሥራው እንዲያሰፋ፣ እንዲያጠብና ቦታ እንዲቀያይር ይፈቀድለት ብላ ጻፈች። የአስተያየት መጻፊያው ራሱ ጠባብ ስለነበር ሦስት ጊዜ እየደለዘች ነው የጨረሰችው። «እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ከዚያ ሁለት ወር ዝም።

በሦስተኛው ወር ዮኤል የሚባል የድርጅቱ ባለሙያ ላፕቶፑን አንግቶ መጣና አዲሱን አሠራር አሳያት። ሃፊዛ ስሞቹን ወደ ዳር ገፋች፣ አርማውን አጠፋች፣ መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋችው። ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ተነፈሰች።

«ሌላም አለው» አለ ዮኤል። «የፈለጋችሁትን ያህል ቻት ጎን ለጎን መክፈት ትችላላችሁ።»

ይህችን የሰሙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ይገዙ ናቸው። በማግስቱ የእሳቸው ስክሪን ስምንት ቦታ ተከፍሎ ተገኘ፤ የሠራተኞቹ ቻት ሁሉ ከነደንበኞቻቸው ፊታቸው ተደረደረ።

«ሃሳብሽ ግሩም ነው፣ ሃፊዛ» አሏት። «ግን ለሰላምታ ሁለት መስመር ምን ያደርግልሻል?»

ሰፊ መስኮት ጠይቃ ያገኘችው ተመልካች ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ቃል በጻፈች ቁጥር ከውስጠኛው ቢሮ ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማታል።

ሐሙስ ከምሳ ትንሽ ዘገየች። አቶ ይገዙ «እዚያ ነሽ ወይስ ተኝተሻል?» ብለው ጻፉላት። ጽሑፉ ያረፈው ግን አጠገቡ ባለው ክፍል፣ በትልቁ ደንበኛቸው በሐጂ ሰይፈዲን ቻት ላይ ነበር።

ሐጂ ለመመለስ አልቆዩም። «አቶ ይገዙ፣ እኔን ሴት ማድረግዎን እተወዋለሁ። እውነትዎን ነው፣ ዙህርን ሰግጄ ጋደም ብዬ ነበር። ግን ከየት ነው የሚያዩኝ?»

አቶ ይገዙ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «ሃፊዛ! ቶሎ ነይ፣ አንድ ነገር በያቸው!»

«ሐጂ፣ ይቅርታ፣ መልእክቱ ለእኔ ነበር» ብላ ጻፈች።

«አንቺማ መቼ ተኝተሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ። ሰውየው ናቸው ትንሽ ቢተኙ የሚሻላቸው።»

ይህንንም አቶ ይገዙ በስክሪናቸው ላይ አነበቡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ክፍሎቹ እንዴት እንደሚዘጉ ጠየቋት። አጠገባቸው ቆማ አንድ በአንድ ዘጋችላቸው። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ «እሱ እንኳ ይቆይ» አሉ።

አየችው፤ የራሷ ቻት ነበር።

«ይሄማ ከሁሉም በደንብ ነው የሚዘጋው፣ ጋሼ» አለችና ዘጋችው።