የኒኖንግ ፌርሚን ኩርፊያ

ክሪሳንቶ ጥፋቱ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባውም ነበር። ካናዳ ውስጥ ሥራ የሚለቅ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። እሱም ደህና አድርጎ ጻፈ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ ሊጥ ከሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ ለአሠሪው ለፌርሚን አስቀመጠለት። ለባዕድ ቢሆን ጨዋነት ነው። ፌርሚን ግን ባዕድ አይደለም! ከፊሊፒንስ ድረስ ያስመጣው፣ ከማዕዱ ያበላው፣ ማይሊንን ሲያገባ ኒኖንግ ሆኖ፣ ማለትም የጋብቻ አባት ሆኖ፣ ከጎኑ የቆመ ሰው ነው። አባቱን በፖስታ የሚሰናበት ልጅ የት ታይቶ ያውቃል?

ሽማግሌው ወረቀቱን አነበበ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሪሳንቶ የሥራ ፈቃዱ የሚያገለግለው በፌርሚን ዳቦ ቤት ብቻ ነው፤ ቋሚ መኖሪያም እየተጠየቀለት ያለው በዚሁ ዳቦ ቤት በኩል ነው። ሥራውን ከለቀቀ ያ ማመልከቻ አበቃለት። ማይሊን ደግሞ ዜግነት አላት፤ ከዳቦ ቤቱ ርቃ ዊኒፔግ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ ነፍሰ ጡር ናት። የሚገናኙት እሁድ እሁድ ነው። ባሏን ራሷ ስፖንሰር ሆና ቋሚ መኖሪያ ልትጠይቅለት ትችላለች፣ ግን አብረው መኖር አለባቸው። ስለዚህ ልጁ ሳይወለድ ጠቅልሎ እሷ ጋ ሊገባ ተማከሩና ወሰኑ። ለኒኖንግ መንገሩ ነበር የጨነቀው፤ ፖስታውም የመጣው ከዚያ ጭንቀት ነው።

«ደልፊና፣ ለሠራተኛው ምድጃው በርትቷል በይልኝ» ይላል ፌርሚን፣ ክሪሳንቶ አጠገቡ ቆሞ።

«አፍ የለህም እንዴ? ራስህ ንገረው!» ትላለች ሚስቱ ከመሸጫው።

«በጽሑፍ ካልሆነ አይሰማም ብዬ ነው።»

ክሪሳንቶ አንገቱን ደፍቶ ፓንዴሳል የሚሉትን የአገራቸውን ትንንሽ ዳቦ ያድቦለቡላል። ትንሽ ይብረድለት ብሎ ተወው። ሳምንቱ እንዲሁ አለቀ።

«እሺ፣ አንተ ምን አደረግክ?» አለችው ማይሊን በስልክ።

«ምንም። እንዳልረብሻቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዝም አልካቸው? ጉድ በል! ያኮረፈ ሽማግሌ ዝም ይባላል? ፈረንጅ ሆነህ ቀረህ በቃ! እሳቸው እኮ ና አባብለኝ ነው የሚሉህ።»

«አንቺ ብቻ ማመልከቻውን ፈርመሽ አስገቢው፣ ሌላው ይደርሳል።»

«አልፈርምም። ትዳራችን የእውነት መሆኑን ለኢሚግሬሽን ከእሳቸው በላይ ማን ይመሰክራል? ደግሞ ባይመሰክሩም እሳቸውን አስቀይሜ ልጄን አልወልድም። ታረቅና ና።»

ክሪሳንቶ ስልኩን ዘጋ። ፈራ፣ በደንብ ፈራ። የአሠሪውን መንገድ በገዛ እጁ ዘግቷል፤ የሚስቱ መንገድ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ኩርፊያ ላይ ቆሟል።

በማግሥቱ ለምሳ ኒኖንግ የሚወደውን ኮምጣጣ የዓሣ ሾርባ ሠርቶ ፊቱ አስቀመጠ። ፌርሚን ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አልራበኝም።»

ክሪሳንቶ ሳህኑን ይዞ በግድግዳው በኩል መጣ። «ኒኖንግ፣ ትንሽ ብቻ ይቅመሱልኝ።»

«ጨው የለውም።»

«ሳይቀምሱ?»

ደልፊና ከመሸጫው ሆና ሳቋን ለቀቀችው። የፌርሚን ጢም ተንቀጠቀጠ፤ ለመሳቅ ግን ገና አልፈቀደም።

«አጥፍቻለሁ» አለ ክሪሳንቶ። «ወረቀት መላክ አልነበረብኝም። እኔ ራሴ መጥቼ መንገር ነበረብኝ።»

«አሁን ገባህ?»

«ማይሊን ናት የነገረችኝ።»

«ድሮስ! ካንተ ጭንቅላትማ ይሄ አይወጣም።» ፌርሚን ማንኪያውን አነሳ። ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ጠጣው። ሲጨርስ አፉን ጠረገ። «ምስክርነቱን አምጣው፣ እፈርማለሁ። ዕቃህንም ሰብስብ፣ ቅዳሜ በኔ መኪና አደርስሃለሁ።»

ክሪሳንቶ ጆሮውን አላመነም። «እንዲህ የሚሉ ከሆነ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንዲህ አስኮረፈዎት? መሄዴ አልነበረም?»

«ትሄዳለህ እንጂ! ሚስትህ ልትወልድ አይደል?» ሽማግሌው ድምፁ ተለወጠ። «እኔ ወደዚህ ስመጣ ደልፊና ነፍሰ ጡር ነበረች። አሠሪዬ ዛሬ ነገ ሲለኝ፣ ወረቀቴን ስጠብቅ ልጄ እዚያው ፊሊፒንስ ያለ እኔ አደገች። ኤርፖርት ሄጄ ስቀበላቸው እናቷ ጀርባ ተደበቀች። ‹እማ፣ ይሄ ሰውዬ እኛ ቤት ነው የሚያድረው?› አለች። ዛሬ አባቴ ትለኛለች፣ በየበዓሉ ትደውላለች፤ እኔ ግን ያቺን ቃል አልረሳኋትም።»

ደልፊና መሳቋን አቁማለች።

«አንድ ጊዜ እንኳ አሠሪዬን ልሂድ ብዬ ጠይቄው አላውቅም» አለ ፌርሚን። «ፈራሁታ! ወረቀቴ በእጁ ነው። ያን ፖስታ ሳየው የነደደኝ ለዚህ ነው ልጄ። አንተም እኔን እንደዚያ ትፈራኝ ኖሯል።»

ክሪሳንቶ «አልፈራዎትም» ሊል አፉን ከፈተ። ውሸት ሆነበትና ተወው።