የወንበሮቹ ቃለ ጉባኤ

«"በልብስ ስፌት ኮሚቴ አባልነት አሥራ አንድ ዓመት፣ በእሑድ ማስታወቂያ አንባቢነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል"» ብሎ አነበበ የጉባኤው ጸሐፊ። ጉሮሮውን ጠረገ። «"በሐሰተኛ ማስታወቂያ ምክንያት በሽማግሌዎች ጉባኤ ውሳኔ ከአንባቢነት ተነሥተዋል።" ቀኑን ብቻ አረጋግጡልኝ።»

የሟች ልጅ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ይኼም እሑድ ይነበባል?»

«ልጄ፣ አባል ሲያርፍ የአገልግሎት ታሪኩ ከቃለ ጉባኤ ይነበባል። አንድ ቃል አንጨምርም፣ አንድ ቃል አንቀንስም። የእኔም ቀን ሲደርስ እንዲሁ ነው።»

የሟች ታናሽ ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ከመቀመጫው ተነሣ። ከጧት ጀምሮ ሲነሣ ይህ ዘጠነኛው ነው። ሰው ለቅሶ ላይ ይቀመጣል። እሱ ግን ታላቅ እህቱ ሰኞ ካረፈች ወዲህ ወለሉ እንደ ምጣድ የጋለበት ይመስል ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር ነው። ማክሰኞ ከቀብር ሲመለሱ ምንም ያልሆነውን የወጥ ቤት ቧንቧ ፈታቶ ገጠመው። አሁን ቧንቧው ከምሩ ይንጠባጠባል።

ሰፈሩ የሚጠራው «ጭማሪ» እያለ ነው። ስሙን እናቱ አላወጣችለትም፣ አፉ ነው ያወጣለት። የሰማውን ሲያወራ ጨምሮ፣ ያየውን ሲያወራ ደግሞ ከሰማው ላይ ጨምሮ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሕንፃ ቱቦ ውስጥ ካፖርት የለበሰ አይጥ አወጣሁ ብሎ ማለ። «ካፖርቱን ማን ሰፋለት?» ብለው ሲያፋጥጡት፣ «እትዬ ሰፋችለታ! ክንዱ ጠበበኝ ብሎ ሊያሳርም ሲመለስ ነው የያዝኩት» አለ። ልብስ ሰፊዋ እህቱም ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ሒሳቡን ግን አልከፈለም» ብላ አተረፈችው።

አሁን ጭማሪ ትሪውና ጸሐፊው መሀል ቆሟል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ያንን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ የለችበትም።»

ከዚያ ጥግ የተቀመጠችው ጎረቤት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ፍርፍር አለች። ሳቁ እንደ ጉንፋን ዞረ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲያለቅስ የነበረ ሁሉ ተያያዘው።

«አይ ጭማሪ! በገዛ እህቱ ለቅሶ እንኳ አይተወን!»

«ይስጥህ፣ ትንሽ ተነፈስን።»

ያልሳቀ ጸሐፊው ብቻ ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተ።

«ቃለ ጉባኤ የሚታረመው በጉባኤ ነው። ጉባኤው ቅዳሜ ነው። ሐሳቡን ከሰባቱ ሽማግሌዎች አንዱ ካላቀረበው አጀንዳ አይሆንም። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሐሳብ አላቀርብም። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ወጣ። ጭማሪ ጣቱን አጠፈ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። በሦስት ቀን ውስጥ የሚያምነው አንድ ሽማግሌ ማግኘት አለበት። ካላገኘ እህቱ እሑድ በሕዝብ ሁሉ ፊት ውሸታም ተብላ ትሰናበታለች።

ነገሩ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ ነው። ሽማግሌዎች በሚመሯት በዚህች ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሳምንቱ እንደ ባቡር ሐዲድ የተዘረጋ ነው፤ ማክሰኞ የሴቶች ኅብረት፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ሐሙስ መዘምራን፣ ዓርብ ሕመምተኛ ጥየቃ፣ ቅዳሜ ጽዳት። ማስታወቂያ ያለው ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ይጨምራል። እህቱ ቅዳሜ ሳጥኑን ከፍታ ሁሉንም በራሷ እጅ ጽሑፍ ደብተር ላይ ትገለብጥና እሑድ ታነባለች። ስታነብ ሕፃን እንኳ አያለቅስም ነበር፣ ምን እንደተባለ እንዳያመልጠው።

ጭማሪ አንድ ቅዳሜ እጁን በላው። ብጣሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «አግዳሚዎቹ ቀለም ስለሚቀቡ ረቡዕ ለጸሎት የሚመጣ ሁሉ መቀመጫውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ለምን?» ይላል። ፕሬስቢቴሪያን ግን በማስታወቂያ የተነገረውን መጀመሪያ ይፈጽማል፣ ኋላ ኮሚቴ ያቋቁምበታል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ መንገዱ በእግሩ የሚሄድ የዕቃ ቤት መሰለ። ፀጉር አስተካካዩ የሚሽከረከረውን ወንበር እየገፋ መጣ፣ ደንበኛው ፊቱ ላይ አረፋ እንዳለ ተቀምጦበታል ይባላል። የመዘምራኑ መሪ የፒያኖ ዱካዋን በጭንቅላቷ ተሸክማለች። ጭማሪ ከመንገዱ ማዶ ምሰሶ አቅፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ አናጺው መጣ። ሽማግሌ ነው፣ በዕድሜም በሹመትም። በእጁ የሠራውን ባለ መደገፊያ ትልቅ ወንበር ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ጀመረ። ሦስተኛው ላይ እግሩ ከዳው። ዳሌው ሲሰበር ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ይህችኛዋ ጭማሪ የለባትም።

ጉባኤ ተጠራ። እህቱ ገባች፣ ወጣች።

«ምን አልሻቸው?» አላት በሩ ላይ።

«የእኔ ስሕተት ነው አልኩ። አንተ መፍቻህን ይዘህ ና፣ ማጠቢያው ተዘግቷል።»

ሌላ ቃል አልወጣትም። እሱም ራሱን አታለለ፤ ወረቀቶቹ ተደባልቀውባት በእውነት የራሷ ስሕተት መስሏታል አለ። ሰው የሚመቸውን ለማመን ምስክር አያስፈልገውም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሌላ ሰው ሲያነብ እህቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ከንፈሯ ዝም ብሎ ይንቀሳቀሳል። አናጺው እያነከሰ በአጠገቧ ሲያልፍ ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነው።

ረቡዕ ማታ ከጸሎት በኋላ ጭማሪ ዳቦ ጋጋሪውን ሽማግሌ በር ላይ ያዘው። ዳቦ ጋጋሪው እስከ መጨረሻው ሰማና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እና አይጡስ? ካፖርት ለብሶ ወንበር ይዞ አልመጣም?»

«እትዬ ትሙት፣ እውነቴን ነው!»

«ሞታለች እኮ ወንድሜ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሳቁም ቆመ። ጭማሪም መሐላው አፉ ውስጥ አሸዋ ሆነበት።

ሐሙስ የመዘምራን ልምምድ ላይ ገባ። መሪዋም ሽማግሌ ናት። ቀጭን ድምፅ ያላቸውን ሶፕራኖዎች ዝም አሰኝታ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው። እሷ አልሳቀችም፣ ይልቁን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጭማሪዬ፣ ምን ያህል ብትወዳት ነው! ጥፋቷን ለራስህ ልትወስድላት?»

«ኧረ ጥፋቱ የራሴ ነው!»

«ለእህት ተብሎ የሚዋሽ ውሸትም ውሸት ነው፣ የኔ ወንድም። እጸልይልሃለሁ።» ጀርባውን መታ መታ አደረገችና ወደ ሶፕራኖዎቿ ተመለሰች።

ዓርብ ሕመምተኛ ሲጠይቁ ለነበሩት አራት ሽማግሌዎች በተራ ነገራቸው። ለአንደኛው ወንበሮቹ ስልሳ ነበሩ አለ፣ ለሁለተኛው ሰማንያ፣ ለሦስተኛው መቶ፤ ምላሱ የለመደችውን መንገድ ይዛ ትሮጣለች፣ እሱ ከኋላዋ ልጓም ይዞ። ለአራተኛው ሲደርስ መቶ ሃያ ሆነው አንዱ የጥርስ ሐኪም ወንበር ነበር። አራቱም አጽናንተው ሸኙት።

ቤት ሲመለስ የእህቱ ልጅ እንግዶቹ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች ታነሣለች።

«አጎቴ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ። አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

ወንበሩን ቀስ አድርጋ ግድግዳው ላይ ደገፈችው።

«እና ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

ጭማሪ የቀሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ እያነሣ ግድግዳው ላይ ደገፈ። ልጅቱም ሻይ ሳታቀርብለት ተኛች።

የቀረው አንድ ሽማግሌ ነው። የመጨረሻ ያደረገው ስለ ረሳው አይደለም።

ቅዳሜ ጧት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ባልዲ ለባልዲ ይጋጫል። አናጺው አጎንብሶ መወልወል ስለማይችል ጥግ ላይ ተቀምጦ የላላ የአግዳሚ እግር ያጠብቃል። ጭማሪ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«ጋሼ።»

«አቤት።» ቀና አላለም።

«ያንን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህቴ ገለበጠችው እንጂ አልጻፈችውም። እርስዎን የጣልኩዎት እኔ ነኝ።»

መዶሻው ቆመ። አናጺው አልሳቀም፣ አላጽናናም።

«ስንት ወንበር ነበር?»

ምላሱ ልትሮጥ ተነሣች። ጭማሪ በጥርሱ ያዛት።

«ሠላሳ ሰባት። ማዶ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ ስምንተኛው የእርስዎ ነበር። እሱን ሳልቆጥር ቀረሁ።»

አናጺው ሚስማሩን ከአፉ አወጣ።

«ባለፈው ወር ዘንቦ ነበር» አለ። «እህትህ በር ላይ ጃንጥላዋን ዘረጋችልኝ። ጥያት በዝናብ ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ እስከ አጥንቴ በስብሼ፣ ኮርቼ። ኮርቼ፣ ሰማህ?»

«ጋሼ...»

«ሂድ ከፊቴ።»

ሄደ። ባልዲ ረግጦ፣ ውኃ አፍስሶ፣ የራሱን ውኃ ራሱ ወልውሎ ወጣ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። የግቢውን ቧንቧ ከፈተ፣ ዘጋ። አለቀ አለ በልቡ። ነገ ይነበባል።

ግን እግሩ ወደ ቤቱ እምቢ አለው። ከጽዳቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ሲገቡ ተከትሎ ገባና በሩ ሥር ባለችው ትርፍ ወንበር ተቀመጠ። ፓስተሩ አየው፣ ውጣ አላለውም። ጸሐፊው የነገውን ታሪክ እያነበበ «ከአንባቢነት ተነሥተዋል» ሲደርስ አናጺው ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ።

«ሐሳብ አቀርባለሁ። ማስታወቂያውን የጻፈው ወንድሟ ነው፣ እሷ ንጹሕ ናት ተብሎ ይታረም።»

ዳቦ ጋጋሪው ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እርስዎም በጭማሪ ተረት...»

«የተሰበረው የማን ዳሌ ነው? የአንተ?»

ፈገግታው ጠፋ። ጸሐፊውና ፓስተሩ ተያዩ። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ተረት አይደለም። እኔና ፓስተሩ ከያን ጊዜ ጀምሮ እናውቃለን» አለ። «ጽሑፉን ገና ከሳጥኑ ስታወጣው ለይታዋለች፤ ግን አንድ ሽማግሌ አስጽፎት ነው ብላ ገለበጠችው። ከአደጋው በኋላ መጥታ ነገረችን። "የእሱን ስም ከጻፋችሁ ከዚህ በር ዳግመኛ አይገባም። እኔን ብታነሡኝ ግን እሑድ እመጣለሁ፤ እሱም እኔን ሊያደርስ ይመጣል" አለችን። ቃል አስገባችን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ጭማሪ ከተቀመጠበት አልተነሣም። በየእሑዱ ክንዷን ይዞ ደረጃውን ያወጣት ነበር። እሱ የሚያደርሳት መስሎት።

«እኔንስ?» አናጺው ጠረጴዛውን መታ። «ከአንዲት ንጹሕ ሴት ፊቴን ሳዞር እያያችሁ ዝም አላችሁኝ?»

«ቃላችን ነበር» አለ ፓስተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷም ዐውቃ ነው የከፈለችው። አሁን ግን ቃሉን ያስገባችን አርፋለች። እሱ ደግሞ ራሱ መጥቶ ተናግሯል።»

የመዘምራኑ መሪ በመሐረቧ አፍንጫዋን ያዘች። «እኔ እኮ ጸለይኩለት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ጸሐፊው መነጽሩን መልሶ ወደ በሩ ዞረ። «ከታረመ ነገ የሚነበበው ያንተ ሙሉ ስም ነው። ሕዝቡ ሁሉ ባለበት። ዐውቀሃል?»

«ይነበብ።»

«የአናጺውን ሐሳብ የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

በጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት እጅ ወጣ፤ የዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እንደ ነካው፣ የአናጺው አውራ ጣቱ በመዶሻ እንደ ጠቆረ። በሩ ሥር ደግሞ ስምንተኛ ወጣ። ጭማሪ ሽማግሌ አይደለም፣ ድምፅ የለውም። ጸሐፊው አየው። ወደ መዝገቡ አጎንብሶ «ድጋፍ ሰባት፣ ተቃውሞ የለም» ብሎ ጻፈና እስኪደርቅ እፍ አለበት።

እጆቹ ወረዱ። ፓስተሩ የመዝጊያውን ጸሎት ጀመረ፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

አናጺው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አውርደው እንጂ» አለ በሹክሹክታ። «ተቆጥሮልሃል።»

ጭማሪ አላወረደም። ጸሎቱ ረዘመ። ክንዱ ሲዝል በሌላኛው እጁ ክርኑን ደገፈው።